ቦኖው ለማን ይታይ?

ማክሰኞ ንጋት 11:30፣ ደብረ ታቦር

ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ዶክተሩ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ከመጠይቅ ወረቀቶቹ ጋር። ሰው እንዴት እንደሚመርጥ ያጠናል። ከዓመታት በፊት መረጃ ሰብሳቢው ነበርሁ። «ገበሬው በአለቃ ፊት የሚመርጠውና በልቡ ያለው ይለያያል» ብዬ የጻፍሁለትን «የግል ስሜት ነው» ብሎ ሰረዘው። ዘንድሮ ሲጠራኝ እሺ ያልሁት ለአበሉ አይደለም።

1:00፣ ገሳይ

ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ። ዶክተሩ ትልልቁን ለቅሞ ጨረሰ። መምረጥስ ያውቅበታል።

2:30፣ ከገሳይ ወዲያ ያለች ቀበሌ

አንድ የውኃ ቦኖ ሊተከል ነው፤ ቦታውን ነዋሪው ይምረጥ ተብሏል። ቤት የበዛው ታች ሰፈር ነው፤ ሴቶቹ ውኃ የሚቀዱት ከገደል ሥር ነው። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ግን ልቡ መንገድ ዳር ላይ ነው።

«ከዞን የሚመጡት ከመኪና ሳይወርዱ ያዩታል!» አለ። «መንገድ ዳር የምትሉ?»

እጅ ሁሉ ወጣ። ዶክተሩ «ሙሉ ድምፅ» ብሎ ጻፈ። ከጎኔ ያለችው ነፍሰ ጡር፣ ይርገዱ፣ እሷም እጇን አውጥታለች።

«ቤትሽ ታች አይደል?» አልኋት።

«ታች ነው እንጂ! አንቱ ደግሞ፣ እማማ! ማዳበሪያ ሲመጣ ስም የሚጠራው ማን ሆነና?»

5:00፣ እዚያው

«ዶክተር፣ አንዴ ይደገም፤ ለጥናትዎ ማረጋገጫ ይሆናል» አልሁ በትሕትና። ትሕትናዬን ወደደው።

ለእኛ ከቀረበው አንድ ሰፌድ ቆሎ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ባቄላና አንድ ሽምብራ አደልሁ። ባቄላ መንገድ ዳር፣ ሽምብራ ታች ሰፈር። ጋቢ ጋርጄ ከጀርባው እንስራ አስቀመጥሁ።

«አንዱን እንስራው ውስጥ፣ የቀረውን አፋችሁ ውስጥ! ማስረጃ እንዳይተርፍ።»

እየቆረጠሙ ወጡ። ሥራ አስኪያጁንም «አንተስ ነዋሪ አይደለህ?» ብዬ አስገባሁት። እሱም እየቆረጠመ ወጣ።

እንስራውን ሰፌዱ ላይ ገለበጥሁት። ሽምብራ ብቻ። አንዲት ባቄላ የለችም። ሰው ሁሉ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። እሱ ማጅራቱን አከከ።

«ባለቤቴም ጀሪካን ትሸከማለች» አለ።

ይርገዱ እልልታዋን ለቀቀችው። ሳቁ ሳይበርድ ቃለ ጉባኤው ላይ «ታች ሰፈር» አስጽፌ አስፈረምሁት።

9:00፣ መመለሻ

«እትዬ» አለ ዶክተሩ እስክሪብቶ ይዞ፣ «ውጤቱ ለምን እንደተገለበጠ በራስዎ አባባል ቢያስረዱኝ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ዶክተር!»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አደረግሁና እስከ ደብረ ታቦር የተኛሁ መሰልሁ።