እጅን ወደ ኋላ አድርጎ ማስተማር

ሰጡኝ! ሰማያዊውን ሽርጥ ሰጡኝ! ትናንት ሚስ ዳያን ኮል አድርጋ "ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሦስተኛው ጠረጴዛ ያንቺ ነው፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም" ስትለኝ ስልኩን እንደያዝኩ ከሳሎን መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ሳሎን ሮጥኩ። ከታች ያለችው ጎረቤታችን በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ደበደበች። እማዬ ከኩሽና ብቅ ብላ "ምን ሆነሻል? ኮሌጅ ገባሽ እንዴ?" አለችኝ።

"ከኮሌጅ ይበልጣል! ጠረጴዛ ተሰጠኝ!"

እማዬ ሳሎናችንን ዙሪያውን አየችና "ታዲያ የት እናደርገዋለን?" አለች።

ጠረጴዛው ቤት የሚገባ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች አንዲት ትንሽ የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ ነው። ሙዚየሟ ረቡዕ ጠዋት በሯን የምትከፍተው ለሆምስኩል ልጆች፣ ማለትም ትምህርት ቤት ሳይሄዱ ቤታቸው ለሚማሩ ነው። ልጆቹ በመስታወት የተዘጋ ነገር አይተው አይመለሱም። ያፈስሳሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ያቆማሉ፣ ያፈርሳሉ። እኔም የምማረው ቤቴ ስለሆነ ረቡዕ ጠዋት ነፃ ነኝ። እዚያ ስሠራ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አባዬ "የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፈው እኮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ አንቺ ገና አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነው" እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። በሦስት ዓመት ያጠብኩትን ባልዲ ያጠበው እሱ አይደለም።

የመጀመሪያው ቀን እማዬ ከራሴ እስከ እግሬ አለበሰችኝ። "ሥራ እኮ ነው፣ ሰው ነው የሚያይሽ" አለች። የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ጉርድ ቀሚስና ለአክስቴ ሠርግ የተገዛ ተረከዝ ያለው ጫማ። ከምንኖርበት ከአሌክሳንድሪያ ባቡር ይዤ፣ መሃል ከተማ ላይ ወደ ቀዩ መስመር ቀይሬ፣ እግሬ እየተቃጠለ ደረስኩ። የፕሮግራሙ ኃላፊ ሚስ ዳያን ከጫማዬ ጀምራ ወደ ላይ አየችኝና "ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለሽ?" አለችኝ። ከዚያ አረንጓዴ ሽርጥ ሰጠችኝና ጭቃ የሞላበት ባልዲ አሳየችኝ። ባለፈው ረቡዕ ልጆቹ ወንዝ ሠርተውበት ነበር አሉ። ወንዙ አሁን ደርቋል፤ እኔ ደግሞ ማጠብ ነበረብኝ። ቤት ስመለስ እማዬ ሸሚዙን አንስታ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። "ሳይንስ የሚባለው ይሄ ነው?" አለች።

በሙዚየሟ ማዕረግ የሚታወቀው በሽርጥ ነው። አረንጓዴ የለበሰ ረዳት ይባላል፤ ያጥባል፣ ይሞላል፣ ይጠርጋል፣ የፈሰሰ ያደርቃል። ሰማያዊ የለበሰ አስረጂ ይባላል፤ የራሱ ጠረጴዛ አለው። ሚስ ዳያን ሽርጥ የላትም። ቁልፍ አላት።

የአስረጂ ሕግ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው፣ እጅህን ወደ ኋላ አድርግ የሚል ነው። ልጁ ሲያጣምመው፣ ሲያፈስሰው፣ ተገልብጦ ሲጣበቅ ብታይም አትንካ። ሁለተኛው፣ ለጥያቄ መልስ አትስጥ፤ መልሰህ ጠይቅ የሚል ነው። ልጁ "ለምን ሰመጠ?" ካለህ "አንተስ ለምን ይመስልሃል?" ትላለህ። ይህንን ሁለተኛውን ሕግ በጣም ከመውደዴ የተነሳ ቤት ወሰድኩት። እማዬ "ሳህኑ ለምንድን ነው እስካሁን ያልታጠበው?" ስትለኝ "አንቺስ ለምን ይመስልሻል?" አልኳት። ቤታችን ውስጥ ሁለተኛ አልሞከርኩትም።

ረዳት ሆኜ ከሠራሁባቸው ቀናት የማልረሳው የቅቤው ጠረጴዛ ነው። ልጆቹ ክሬም በብልቃጥ ይዘው ይነቀንቃሉ፤ ቅቤ ሲሆን በብስኩት ቀብተው ይቀምሱታል። ያን ዕለት ከመጡት መካከል እትዬ ሂሩት ነበሩ። ልጃቸውን ኤልዳናን ቤት የሚያስተምሩ፣ የተረፈውን ጊዜ ሆቴል የሚሠሩ እናት ናቸው። ጠጋ ብለው በሹክሹክታ "የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር ወተት አለበት?" አሉኝ።

"ክሬም ነው።"

"ውይ! ረቡዕ እኮ ነው!"

ወዲያው ከጎናቸው የነበሩት እናቶች ተሰበሰቡ። መነቅነቁ ያስገድፋል ወይስ መቅመሱ ብቻ? ሽታውስ? "መነቅነቅ ሥራ ነው፣ ሥራ አያስገድፍም" በሚል ስምምነት ላይ ተደረሰ። ልጆቻችን ክንዳቸው እስኪዝል ነቀነቁ፤ ብስኩቱ ሲመጣ ግን ሁሉም በአንድ ላይ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሚስ ዳያን ደንግጣ ወደ እኔ መጣች።

"ለወተት አለርጂ አላቸው?"

"አዎ" አልኳት፣ "ረቡዕና ዓርብ ብቻ የሚነሳ።"

"ሐሙስስ?" አለች።

"ሐሙስ ደህና ናቸው።"

ሚስ ዳያን ሰውን ማስከፋት የማትወድ ሴት ናት፤ በሚቀጥለው ረቡዕ ክሬሙን በአጃ ወተት ቀየረችው። ልጆቹ ጠዋቱን ሙሉ ነቀነቁ። እናቶቻቸውም ተራ ገብተው ነቀነቁ። የአጃ ወተት ቅቤ እንደማይወጣው ያን ዕለት ሁላችንም በእጃችን ተማርን።

እንዲህ እንዲህ እያለ የእኛ ሰው በዛ። አንዷ እናት ለአንዷ እየነገረች ከአናንዴልም ከአሌክሳንድሪያም መምጣት ጀመሩ። አንዳንዶቹ ልጆች አያቶቻቸው የሚያሳድጓቸው ናቸው፤ አያቶቹ ደግሞ እንግሊዝኛው ሲፈጥንባቸው ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። ይሄንን ሳይ ሚስ ዳያንን በአማርኛም የሚሠራ ጠረጴዛ እንድትሰጠኝ ጠየቅኳት።

"ሐሳቡን ወድጄዋለሁ" አለችኝ። "ግን አንድ ነገር አያለሁ። የእናንተ ቤተሰቦች ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ልጆቹ ተመልካች ናቸው። የሚሠሩት ትልልቆቹ ናቸው።"

እውነቷን ነው። እኛ ልጅ ሲሳሳት ቆመን ማየት አንችልም። ልጁ መቀሱን ገና ሲያነሳ "አምጣ፣ ታበላሸዋለህ!" እንላለን። አንድ አባት የልጃቸውን ሮኬት ጀምረው፣ ጨርሰው፣ አስወንጭፈው፣ ልጁን "ጎበዝ!" ብለው ጭንቅላቱን አሻሽተውታል። ልጁ እጁን ከኪሱ አላወጣም ነበር።

"አንድ ረቡዕ እሰጥሻለሁ" አለች ሚስ ዳያን። "ቆሜ አያለሁ። ልጆቹ በገዛ እጃቸው ከሠሩ ጠረጴዛው ያንቺ ነው። ካልሆነ ግን ባልዲሽ የትም አይሄድም።"

ሌሊቱን ሙሉ የጨነቀኝ ሳይንሱ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ "ትልልቅ ሰዎች፣ እጅ ወደ ኋላ" የሚል ጽሑፍ አለ፤ ግን ከእኛ ወገን ይህ ጽሑፍ ስለ እሱ የተጻፈ የሚመስለው ሰው እስካሁን አልተገኘም። እማዬን አማከርኳት።

"ምን ልበላቸው?"

"አንቺ? ትልቅ ሰው 'እጅዎን ይሰብስቡ' ልትዪ? በይ እንዳልሰማ!"

የፈተናዬ ቀን ደረሰ። ሥራው የወረቀት ድልድይ ነበር። ሁለት የእንጨት ብሎኬት ይራራቃል፤ ልጁ በአንድ ወረቀት ያገናኛቸዋል፤ ከዚያ ሮንዴላ፣ መካኒኮች ብሎን ሥር የሚያስገቡትን ቀዳዳ ብረት፣ እየጫነበት ይፈትነዋል። ወረቀቱ ዝም ብሎ ከተዘረጋ በአንዱ ሮንዴላ ይወድቃል። ምን ሲደረግ እንደሚሸከም ልጁ ራሱ ማግኘት አለበት።

እትዬ ሂሩት ሆቴል ሺፍት ስለነበራቸው ኤልዳናን ይዘው የመጡት አባታቸው አባባ ታደሰ ነበሩ። ሙሉ ልብስ፣ ክራቫትና ባርኔጣ። አባባ ታደሰ አገር ቤት የመንገድ መሐንዲስ ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ አሌክሳንድሪያ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሲመሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ኤልዳና ስምንት ዓመቷ ነው፤ በጣም ዝምተኛ ናት። ስትጠየቅ ትከሻዋን ትሰብቃለች እንጂ አትናገርም።

አባባ ታደሰ ጠረጴዛውን አዩ። ብሎኬቱን አዩ። ወረቀቱን አዩ። ፊታቸው በራ።

"ድልድይ ነው?"

"አዎ፣ አባባ" አልኩ። በሆዴ ግን "ጌታ ሆይ፣ ከሰው ሁሉ መርጠህ መሐንዲስ ትልክብኛለህ?" አልኩ።

ኤልዳና ወረቀቱን ከመዘርጋቷ አባባ እጃቸውን ሰደዱ። "ቆይ፣ ቆይ፣ ይሄንን ብቻ ላስተካክልላት።" ሚስ ዳያን ከበስተኋላዬ እጇን አጣምራ ቆማለች፤ ሳልዞር ይታወቀኛል።

"አባባ፣ እስቲ እሷ ትሞክር" አልኩ በጣም ለስለስ ብዬ።

"ትሞክር እንጂ! ማን ከለከላት?" ብለው ብሎኬቱን አቀረቡላት። ቀጥለው ወረቀቱን አነሱ። ኤልዳና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መጠበቅ ጀመረች። መጠበቅ የለመደች ልጅ ናት፤ ያስታውቅባታል።

እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። ሮንዴላዎቹ ያሉበትን ትሪ አነሳሁ። ከባድ ነው፤ በአንድ እጅ አይያዝም። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው።

"አባባ፣ ይሄንን በአደራ ይያዙልኝ። ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥኩት ልጆቹ ይበትኑብኛል። ኤልዳና ስትፈልግ ከእርስዎ ትውሰድ።"

አባባ ታደሰ ወረቀቱን አስቀመጡና ትሪውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ምን ያድርጉ? አደራ ተብለዋል። አደራ የተባለ ነገር መሬት አይቀመጥም፤ ለሌላም ሰው አይተላለፍም። ቅዳሴ ላይ እንዳሉ ቀጥ ብለው ቆሙ።

ግን አፍ አላቸው። ኤልዳና ወረቀቱን ዘረጋች፤ አንድ ሮንዴላ አስቀመጠች፤ እጥፍ ብሎ ወደቀ። አባባ በግራ እግራቸው ቆሙ፣ በቀኝ እግራቸው ቆሙ። ድጋሚ ዘረጋች። ወደቀ። እንደ ጥቅል አድርጋ ጠቀለለችው፤ ሮንዴላው ተንከባለለና ወደቀ። የአባባ ግንባር ላቡን አወጣ።

"ኤልዱዬ፣ ወረቀቱን እጠፊ—"

"አባባ!" አለች ኤልዳና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ። "ዶንት ቴል ሚ!"

ከጎን ያሉት እናቶች ቀና አሉ። ልጅ አያቷን ዝም አሰኘች! አባባ ታደሰ የልጅ ልጃቸውን አዩ፤ ትሪውን አዩ፤ እንደገና ልጅቷን አዩ።

"እሺ፣ እመቤቴ" አሉ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ክራቫታቸው ግን ከጉሮሯቸው ጋር ወደ ላይ ወደ ታች ይል ነበር። ኤልዳና ወረቀቱን ዳርና ዳር አጠፈች፤ ጎበጠ። ተናደደችና ጨበጠችው። መልሳ ስትዘረጋው ያጨማደደችበትን ቦታ ትክ ብላ አየች። በጣቷ ጫን አለችው። ከዚያ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች እያለች እንደ ማራገቢያ ታጥፈው ጀመር። እጥፋቱ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው። ብሎኬቱ ላይ ጣለችው። አንድ ሮንዴላ። ቆመ። ሌላ። ቆመ።

"አባባ፣ ጨምርልኝ!" አለች። በአማርኛ፣ ያውም ጮክ ብላ። አንቱታውን ዘልላዋለች፤ አባባም አላረሟትም። ጎንበስ እያሉ ትሪውን ሲያቀርቡላት ትሪው ባዶ እስኪሆን ጫነች። ድልድዩ ጎበጥ ብሎ ቆመ። አባባ ባዶውን ትሪ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው አጨበጨቡ።

"አንቺ ልጅ" አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፣ "በአደራ እኮ ነው ያሰርሽኝ!"

"ይቅርታ፣ አባባ።"

"ምን ይቅርታ! ለእኔም አንድ ወረቀት አምጪ።"

ኮታቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ገና ማጠፍ ሲጀምሩ ኤልዳና "ኖ፣ አባባ፣ እንደዚህ ነው" ብላ እጇን ሰደደች። አባባ ታደሰ ቀና ሳይሉ ትሪውን አንስተው ሁለቱን መዳፎቿ ላይ አስቀመጡላት።

"አደራ!" አሏት።

ሲያልቅ ሚስ ዳያን ወደ እኔ መጣች። "ለትሪው እኮ ማስቀመጫ አለን" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ምን ብለሻቸው ነው?"

አደራ ምን እንደሆነ ነገርኳት፤ አምኖ የሰጠሽ ሰው መልሶ እስኪቀበልሽ ድረስ የማትለቂው ነገር ነው አልኳት። "ይሄ የሚያስፈልጋቸው አንዳንድ አለቆች አሉኝ" አለችና ሄደች። ስለ ጠረጴዛው ምንም አላለችም፤ እኔም ባልዲዬን አጥቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ኮል ያደረገችው ትናንት ነው።

ከሦስት ዓመት ሥራ የተማርኩት ይሄ ነው፤ ልጅ ሲሳሳት ዝም ብሎ ማየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለትልቅ ሰው ደግሞ "አትንኩ" ከማለት ሌላ ሥራ መስጠት ይሻላል።

በሚቀጥለው ወር በመጀመሪያው ረቡዕ ጠዋት ጠረጴዛዬ ይከፈታል። ኑ። ልጆቻችሁን፣ የልጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ቤት የሚማር ልጅ የሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ። ምን እንደምንሠራ ግን አልነግራችሁም።