ለላሜራ መቁረጫው ዋስ የሆነችኝ

ካርቱም ውስጥ፣ ማዮ በሚባለው የድሃ ሰፈር፣ የከሰል ምድጃ እሠራ ነበር። እሠራ ነበር ማለት እደበድብ ነበር። አሮጌ በርሜል ገዝቼ፣ በመቀስ ቆርጬ፣ በመዶሻ ቀጥቅጬ ምድጃ አወጣለሁ። ላሜራ ያልቆረጠው ጣት የለኝም። ሱቅ ዐረቢ የሚባለው ገበያ ነጋዴዎች «ጨምር! ጨምር!» ይሉኛል። በሁለት እጄ ከየት አምጥቼ ልጨምር? መቁረጫና ማጠፊያ ማሽን ያስፈልገኝ ነበር። ባንክ ሄጄ ብድር ብጠይቅ፣ ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሐበሺ፣ ወረቃ አለህ?» አለኝ። የመኖሪያ ወረቀት ቢኖረኝማ በርሜል ስደበድብ እውል ነበር እንዴ! ጠረጴዛውን በቡጢ ነረትኩት። ዘበኞቹ ደረጃው ላይ ዱላቸውን አወረዱብኝ።

የቀረኝ የኛው ሰዎች ዕቁብ ነበር። ዳኛው የሚቀጥለውን ዕጣ ያለ ተራዬ ሊለቅልኝ ፈቀደ፤ ነገር ግን ያለ ዋስ ሳንቲም አይወጣም። ቱግ ባይነቴን የማያውቅ የለምና ሁሉም አንገቱን ደፋ። እጇን ያወጣች አንዲት የወሎ ሴት ብቻ ናት። ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ በአንድ ቪላ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ለእናቷ ቤት መሥሪያ ዓመታት ያጠራቀመችው እዚያው ዕቁብ ውስጥ ነው። «እሱ ካልከፈለ ከኔ ይቆረጥ» አለች። ለምን እንዳመነችኝ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ማሽኑ የተተከለ ቀን ዕቁብተኛው «ሳይመረቅ በረከት የለውም» ብሎ በግ አሳረደኝ። ሴቶቹ አምረው ለብሰው እልልታውን አቀለጡት። ጎረቤቱ በየአጥሩ ተንጠልጥሎ አየን። ለብረት እልል የሚል ሰው መኖሩን ማን ያውቃል? ሰርግ መሰላቸው። ሰርግ ባለበት ደግሞ ወርቅ አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ፣ እኛም አልጠረጠርንም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ካፉሪ በከባድ መሣሪያ ሲደበደብ ዋሴን አሠሪዎቿ ጥለዋት ሸሹ። መንገድ ላይ የወደቀ ሬሳ እየተሻገረች፣ በለበሰችው ልብስ ብቻ እኔ ዘንድ ደረሰች። ብዙም ሳይቆይ በጠራራ ፀሐይ ሦስት የታጠቁ ሰዎች በሬን በእርግጫ ገንጥለው ገቡ።

«የሙሽራዋ ደሀብ የት ነው?»

«ምን ሙሽራ? ምን ወርቅ? ማሽን ነው ያስመረቅነው!»

ሳቁ። እየሳቁ አፍንጫዬን በሰደፍ ሰበሩት። ስወድቅ በጫማቸው ተቀባበሉኝ፤ የጎኔ አጥንት ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ፍራሹን ቀደዱ፣ ወለሉን ቆፈሩ። ወርቁን ሲያጡ የማሽኑን ሞተር መፍታት ጀመሩ። ይሄኔ ደሜ ፈላ። መዶሻዬን አንስቼ የአንዱን ትከሻ አደቀቅኩለት። ጓደኛው ጠመንጃውን አቀባብሎ ግንባሬ ላይ ደገነ።

እሷ ላዬ ላይ ወደቀች። «ማሽኑ የኔ ነው!» ብላ በዐረብኛ ጮኸች። «እሱ ቅጥረኛ ነው፣ እብድ ነው፣ አላህ የመታው! ውሰዱት፣ ሐላል ብያችኋለሁ!»

ትከሻውን የመታሁት ሰውዬ በደህና እጁ ጠመንጃ ነጥቆ አፏን በሰደፍ መታት። ሞተሩን ተሸክመው ሄዱ።

እኔ ከንቱ፣ አመሰግናለሁ በማለት ፈንታ ጮህኩባት። «ማን ስጪ አለሽ? ማንን ጠይቀሽ ነው ሐላል የምትይ? ዕቁቡን በምን ልከፍል ነው? ያንቺስ ገንዘብ በዋስትናው ማለቁ አይደል ወይ!»

ጥርሷን መዳፏ ላይ ተፋችና አየችው። ከዚያ በደም በተሞላ አፏ እንዲህ አለችኝ፦

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ዋስ የሆንኩት ላንተ እንጂ ለብረቱ አይደለም። ሙት ዕዳ አይከፍልም። ያላ፣ ተነስ!»

ተነሳሁ።