የእንግሊዛዊቷ ደራሲ መርዶ

አክስቴ እንግሊዝኛ የተማረችው ከአንዲት እንግሊዛዊት የፍቅር ልቦለድ ደራሲ ነው። በምትሠራበት ሆቴል እንግዶች ትተዋቸው የሚሄዱትን መጻሕፍት እየሰበሰበች፣ ከምትኖርበት ክላርክስተን ሥራዋ ወዳለበት ዲኬተር በሚወስዳት አውቶቡስ ላይ ታነባለች። በመስኮቱ የሚያልፉት በጭጋግ የተሸፈኑ ጥዶች በልቦለዶቹ ውስጥ ያለው መስፍን መናፈሻ ይመስሏታል። ስትወርድ ሾፌሩን የምታመሰግነውም እንደ መስፍኑ ሚስት ነው።

ደራሲዋ ታይፒስት ነበረች። ልጆቿ ትምህርት ቤት ሲገቡ ኩሽና ውስጥ መጻፍ ጀመረች፤ እስከ እርጅናዋም አላቆመችም። የመጻሕፍቷን ብዛት ራሷም የምታውቀው አይመስለኝም። እኔ ግን ሁሉም አንድ መጽሐፍ ነው ባይ ነኝ።

"መጨረሻው የታወቀ ነገር ምን ይነበባል?" አልኳት አክስቴን አንድ ቀን።

"አንተ የምታነባቸውስ? ሁሉም ይሞታሉ። እሱም የታወቀ ነው።"

አንድ የጸደይ ቀን ደራሲዋ ማረፏን ጋዜጣ ላይ አነበብኩና ለአክስቴ ልጅ ደወልኩላት።

"በስልክ እንዳትነግራት፤ አደራ" አለችኝ።

ገባኝ። አክስቴ የባሏን ሞት የሰማችው በስልክ ነው። አንድ ጅል ዘመድ ሥራ ቦታ ደውሎላት፣ የሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች እየጮኹ፣ ሁለቴ አስደግማው። ማለዳ በሯን አንኳኩቶ በወጉ ያረዳት ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች።

እናም አይታት የማታውቃትን ፈረንጅ ሞት በወጉ ልናረዳት ተስማማን። ዕድሜዬን በወግ ስሳለቅ የኖርኩት ሰው፣ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ልጇ፣ አንዲት ጎረቤቷና እኔ በሯ ላይ ቆምን። ግቢው ጭጋግ ሞልቶት መኪኖቹ የተኙ ላሞች ይመስሉ ነበር። አክስቴ ከፍታ ስታየን በሩን ተደገፈች።

"ማነው?"

"ደራሲዋ ናት" አልኳት። "እንግሊዛዊቷ።"

ትስቃለች ብዬ ነበር። ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ጎረቤቷም ሟቿ ማን እንደሆነች ሳትጠይቅ አብራት አለቀሰች።

"ለሱም እንዲህ መጥታችሁ ቢሆን" አለች አክስቴ ከነጠላው ሥር። ከዚያ የባሏን ስም እየጠራች፣ ድምፅዋን አውጥታ፣ እስኪወጣላት አለቀሰች። ማንም ተይ አላላትም።

ጭጋጉ ሲገፈፍ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኳ ጮኸ። ሦስታችንም ደነገጥን።

"ተዉት፣ ይጩህ" አለች አክስቴ።