ደም ይተካል ብዬ

አንዳርጋቸውን ሰው ሁሉ «ልበ ብረት» ነበር የሚለው። በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት መንግሥት ሩሲያ ላከው፤ እዚያ ከልቡ ውስጥ የተበላሸችውን በር አውጥተው የብረት በር ገጠሙለት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን ሰው ግን ይህን መች ሰምቶ! «የሩሲያ ልብ ተተክሎለት መጣ» አሉ፤ «እንግዲህ ጓድ አንዳርጋቸው ስብሰባ ላይ አያንቀላፋም» እያሉ ሳቁበት። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። የሽመና መኪና ጠጋኝ ነው፤ ዝምተኛ፣ ያሉትን የሚሰማ። ምነው ባልሰማ ኖሮ!

እኔ ፀሐይወርቅ የዚያው ፋብሪካ ክሊኒክ ነርስ ነበርሁ። ባሕር ዳር ውስጥ የሱን ልብ የሚከታተል ከኔ ሌላ ሰው አልነበረም፤ አይ ዕድሉ! በሩ ላይ ደም እንዳይረጋበት በየቀኑ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ይውጣል። በየሦስት ወሩ አዲስ አበባ ሄዶ ደሙን ይመረመራል። በመሃል የማዳምጠው እኔ ነኝ። ማዳመጫዬን ደረቱ ላይ ሳሳርፍ እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ሚስቱ ባንቺአየሁማ ያለ ማዳመጫ ትሰማው ነበር። «ቀጭ ሲል ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» ስትለኝ እሱ ያፍርና መሬት መሬት ያያል።

ሩሲያኖቹ ሰጥተው የላኩት ሦስት ገጽ ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ነበር። የተጻፈው በሩሲያኛ ነው። ከተማው ሩሲያ ተምሮ በመጣ ሰው ተሞልቶ፣ አንዱን ጠርቼ «እስቲ ይህ ምን ይላል?» አላልሁም። የኪኒኑን መጠን ከአዲስ አበባ በአማርኛ ጽፈውልኛል፣ ሌላው ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው። አውቃለሁ ባይ ነበርሁ።

በሰባ ሰባት ሁዳዴ ሊገባ ሰሞን አንዳርጋቸው ድዱ እየደማ መጣ። ፊቱ ገርጥቷል። ደሙ ይመርመር ብዬ አዲስ አበባ መላክ ነበረብኝ። እኔ ግን «ደምህ አልቋል፤ ጎመን ብላ፣ ደም ይተካል» አልሁት። እኛ አገር ደም ላነሰው ሁሉ የሚባለው ይኸው ነው። ባንቺአየሁንም ለብቻዋ ጠርቼ «አደራሽን፣ ጎመን እንዳታጓድይበት» አልኋት።

ጾመኞች ናቸው፤ ጣና አፍንጫቸው ሥር ሆኖ በሁዳዴ ዓሣ አይቀምሱም። እሷ ከሐይቁ ውሃ እየቀዳች የጓሮ ጎመኗን ስታጠጣ ከረመች። ከቅዳሴ መልስም ጎመን፣ ማታም ጎመን። ድዱ መድማቱን አቆመ! እኔም «አላልሁህም?» ብዬ ተኮፈስሁበት።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ሐሙስ የክሊኒኩን ደረጃ መውጣት አቅቶት፣ ተደግፎ ገባ። ማዳመጫውን አሳረፍሁ። ቀጭታው የለም። ልቡ ይመታል፣ ድምፁ ግን ጋቢ የለበሰ ይመስል ታፍኗል። እግሩን ስጫነው የነካሁት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። በሩ ላይ ደም ረግቶበታል፤ ይህን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም። «አሁኑኑ አዲስ አበባ!» ብዬ ጮኽሁ። በዚያ ዘመን ያለ ቀበሌ ይለፍ ኬላ አይታለፍም፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ ማኅተሙን ኪሱ ከቶ ለስብሰባ መሸንቲ ሄዷል። ሁለት ቀን ጠበቅነው። አንዳርጋቸው ቅዳሜ አውቶቡስ ላይ ወጣ፣ ሰኞ አዲስ አበባ ሞተ። የሕማማት ሰኞ ነው፤ ፍትሐት እንኳ አልተደረገለትም።

ከሱ ጋር አዲስ አበባ የሄደው ፋይል ተመልሶ እጄ ገባ። ሩሲያ የተማረ አንድ ሐኪም ከሁለተኛው ገጽ አንድ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ገልብጦበታል። «ቅጠላ ቅጠል፣ በተለይ ጎመን፣ በብዛት አይብላ፤ የኪኒኑን ኃይል ይሽረዋል።» ከሥሩም «ይህን የነገረው ሰው የለም?» ብሎ ጽፏል።

ለቅሶ ቤት በተቀመጥሁ ቁጥር ያንን ሊቀመንበር እረግማለሁ፤ ሰውም አብሮኝ ይራገማል። እውነት ነው፣ ሁለት ቀን ያስበላው እሱ ነው። ስድስቱን ሳምንት ጎመን ያስበላሁት ግን እኔ ነኝ፤ ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

የአርባው ዕለት ባንቺአየሁ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። ከስታ ሌላ ሰው ሆናለች።

«ሲስተር፣ የሆዴን ልንገርዎ» አለችኝ። «በመጨረሻው ሳምንት ሰለቸኝ ቢለኝ ሦስት ቀን ጎመኑን ተውሁለት። አደራ ብለውኝ ነበር እኮ! የገደልሁት እኔ ነኝ።»

ልነግራት አፌን ከፈትሁ። ከመጋረጃው ወዲያ የፋብሪካው ሰው ሁሉ ተቀምጧል።

«እግዜር ይቅር ይልሻል» አልኋት።

ዝቅ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ።