ከድንጋዩ ደረጃ ላይ ዝም ያልኩበት እሑድ

ቆዳ ነጋዴ ሆኖ ቆዳ ሆዱን የሚያባባው ሰው ከእኔ ሌላ አታገኝም። ባለፈው ቅዳሜ ንፋስ መውጫ ገበያ አንድ ገበሬ ያመጣልኝን የፍየል ቆዳ በጣቴ ብመታው እንደ ማሲንቆ ድም አለ። ሳልከራከር ከፈልኩት፤ ገበሬው ራሱ ደነገጠ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ጢማችን ገና ማቀምቀም ሲጀምር። አብሮ አደጌ አዝማሪ ነበር። የሚወዳት ልጅ አባት «ለዘዋሪ አዝማሪ ልጅ አልሰጥም፤ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል ስትሆን ና» ብለውታል። ቆዳ ይዤ አዲስ አበባ ስሄድ አብሮኝ መጣ። የአንድ ሙዚቃ ክፍል አለቃ «እሑድ ሕዝብ ፊት ተጫወት፤ ከወደዱህ እቀጥርሃለሁ» አለው።

ቦታው ጣራ የሌለው የድንጋይ መድረክ ነው። ዙሪያውን ድንጋይ በግማሽ ክብ እንደ ደረጃ ሽቅብ ተደርድሯል፤ ከበላዩ የባሕር ዛፍ ሽታ ይወርዳል፤ የድንጋዩ ግለት ሱሪ ያልፋል። ሰው ሳይገባ አብሮ አደጌ መሀሉ ላይ ቆሞ ዞር ዞር ብሎ አየ።

«አንተ፣ ይኸማ አውድማ ነው። በሬው የታለ?»

«በሬው አንተ ነህ፤ ዙር!»

ሳቀ። ወዲያው ግን ወደ ላይኛው ደረጃ አንጋጦ፣ «እንዲህ ርቀው ተቀምጠው ማን ተቀበል ይለኛል?» አለ።

«እኔ አለሁ አይደል!»

በእኛ አገር ሠርግ አዝማሪ ብቻውን አይዘፍንም። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ እሱ ያንን ተቀብሎ ያዜማል። ተቀበል የሚለው ከጠፋ፣ ሰው ጠልቶታል ማለት ነው።

ሕዝቡ ገባ። ቆዳዬን የሚረከበኝ ከረባታም ነጋዴ ላይኛው ደረጃ ላይ ከጎኔ ተቀመጠ። አብሮ አደጌ መግቢያውን ሲያዜም ድምፁ ድንጋይ ለድንጋይ እየወጣ ጆሮዬ ሥር ደረሰ። ነጋዴው ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ «ታውቀዋለህ እንዴ?» አለኝ።

«መኪና ላይ አብረን መጣን» አልኩት። ውሸት አልነበረም።

አብሮ አደጌ መግቢያውን ጨረሰ። ደጋኑን ብቻ በቀስታ እየሳበ፣ ደረጃውን በዓይኑ ከዳር እስከ ዳር እያሰሰ እኔን ፈለገ። ግጥሙ ምላሴ ላይ ነበር። በዚያ ሁሉ ኮትና ከረባት መሀል ተነስቼ እንደ ሠርግ ቤት ለመጮህ ግን አፈርኩ። ማሲንቆው ብቻውን ሲያቃስት ቆየ። ሰዎች ይሳሳቁ ጀመር። አለቃው ከጎን በእጁ ጠራው። «ግጥም አለቀብህ» ብሎ አሰናበተው።

ልጅቷ ከፋሲካ በኋላ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላለ ጸሐፊ ተዳረች። እሱም ከዚያ ወዲህ ሠርግ ላይ አልታየም። እኔን ግን የማይለቀኝ የመልስ ጉዞው ነው። በጭነት መኪናው ላይ፣ ቆዳ ጭነን በመጣንበት ባዶ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለን የጎጃም ደጋ ላይ ስንደርስ፣ ወደ እኔ ዞረ።

«ድምፄ እላይ ድረስ ይሰማ ነበር?»

«እንዴታ! ጥርት ብሎ።»

«እንግዲያው ከላይም ወደ ታች ይሰማ ነበራ።»

ቁጣ አልነበረበትም። ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለነበር፣ የጋቢውን እኩሌታ አንስቶ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ።