ከበሩ በላይ የነበረችው ቀዳዳ

እርጥብ ሲሚንቶ ሲሸተኝ ዛሬም አፍንጫዬን ይዤ እሸሻለሁ። ሰው ቤት ሲያድስ ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን የተለሰነ ግድግዳ ሳይደርቅ አጠገቡ ማለፍ አልወድም። ጎረቤቶቼ ምን ሆነሽ ነው ሲሉኝ አለርጂ ነው እላለሁ። ምን ልበል ታዲያ? ነገሩ የገዳሪፍ ነው።

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከጎንደር ሸሽተን ሱዳን፣ ገዳሪፍ የገባን ሰሞን አንዲት አሮጌ የድንጋይ ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። ቤቷ የሐጃ ዘይነብ ነበረች፤ እሳቸው እዚያው ግቢ ከጓሮ ባለው ክፍል የሚኖሩ የሱዳን ባልቴት ናቸው። አባቴ ግንበኛ ስለነበር እሱ ቤቷን ሊያድስላቸው፣ እኛም ልንኖርባት ተስማሙ። የኔ ዘመን የገዳሪፍ ልጆች እነዚያን ቤቶች ታስታውሷቸዋላችሁ። ግድግዳቸው ወፍራም ነው፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ ጡብ ጡብ የሚያክል ቀዳዳ ዙሪያውን ተደርድሮባቸዋል። ውጪው ሲነድ ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል። ታዲያ ርግቡም በዚያው ነው የሚገባው፤ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ አውሎ የተነሣ ቀንማ የምንበላው ሁሉ ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጭ ነበር።

አባቴ መጀመሪያ የመንገዱን መስኮት በድንጋይ ዘጋው። ከሻ የሚሉት አፈሳ ነበር፤ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከየመንገዱ እየለቀሙ በመኪና ይጭኑት ነበር። እናቴ በአማርኛ ስትጣራ ውጪ ድረስ ይሰማል፣ መስኮቱ ባይኖር ይሻላል ተባለ። ቀዳዳዎቹን ግን ሐጃ አላስነኩም። መስኮቱን እንደፈለግህ አድርገው፣ እነሱን ከነካህ ግን ቤቱ ይታፈናል አሉት፣ ግማሹን በአረብኛ ግማሹን በእጃቸው። አባቴ ሙያው ነውና ገባው፤ ተዋቸው።

ሐምሌ ሲገባ የአባቴ እህት፣ አክስቴ ይታይሽ፣ በመተማ በኩል በእግሯ መጣች። ሆዷ ገፍቷል። ባሏን ደርግ አፍሶ ወስዶት የት እንደደረሰ አታውቅም። ከዚያ በፊት ሁለት ልጆች ቀብራለች፤ ሁለቱም አርባ ቀን ሳይሞላቸው፣ ክርስትና ሳይነሡ ነው የሞቱት። ነፋስ ነው የወሰደብኝ ትላለች፣ ሌላ ነገር ቢነግሯት አትሰማም። መቼም የኛን አገር ሰው ታውቁታላችሁ፤ አውቶቡስ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል እንጂ መስኮት አይከፍትም። እሷ ደግሞ ባሰባት። ገና እንደገባች ቀና ብላ ቀዳዳዎቹን አየችና ቁጭ ብላ አለቀሰች።

አባቴ ሳምንት ሙሉ ተከራከራት፤ ይሄ ቆላ ነው፣ ደጋ አይደለም አላት። በመጨረሻ እህቱ ናትና ተሸነፈ። ቀዳዳዎቹን በድንጋይና በሲሚንቶ ደፈነ፣ ግድግዳውንም ከውስጥ ለሰነው። ሐጃ ተቆጥተው በሩ ላይ ቆመው ሁሉንማ አትደፍንም ብለው ስለማሉ፣ ከበሩ በላይ ያለችው አንዲት ቀዳዳ ብቻ ቀረች። ምስኪን አባቴ፣ ሁለቱንም ሴቶች ያስታረቀ መስሎት ነበር።

ወንድ ልጅ ተወለደ። እናቴ ሰባት ጊዜ እልል ልትል ጀምራ፣ ሦስተኛው ላይ ከሻው ትዝ ብሏት ዝም አለች። ሦስት እኮ ለሴት ልጅ ነው! ሐጃ ምኑም ሳይገባቸው ከጓሮ በራሳቸው እልልታ ሞሉላት። በዚያ ቤት እንደዚያን ቀን የሳቅን አይመስለኝም። ከዚያ አክስቴ ትራሷ ሥር ቢላ አድርጋ፣ እስከ ዓይኗ ተከናንባ ቀን መቁጠር ያዘች። አርባው ቀን ሲሞላ እዚያው ገዳሪፍ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ወስደን ክርስትና እናስነሣዋለን። የምትፈልገው ይችኑ ብቻ ነበር፤ አንድ ልጇ እንኳ በስሙ እንዲጠራላት። እኔም አብሬያት እቆጥር ነበር። ሕፃኑ ጣቴን ከጨበጠ አይለቀኝም ነበር።

ዝናቡ ግን ያን ዓመት ጨከነ። ጥቁሩ አፈር ጫማ ያስቀራል፤ ልስኑም አልደርቅ አለ፣ ግድግዳውን ስነካው እጄ ይረጥብ ነበር። በሃያ ስድስተኛው ቀን ጠዋት አባቴ ሥራ፣ እናቴ ሰው ቤት ልብስ ልታጥብ ሄዱ። አራስ ብቻዋን አትተውምና እኔ አጠገቧ ቀረሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አክስቴን ብርድ ብርድ አላት። ደጅ ባለው ዳስ ሥር የተቀጣጠለውን የከሰል ምድጃ አስገቢልኝ፣ በሩንም ዝጊው አለችኝ። አስገባሁ፣ ዘጋሁ። ከበሩ በላይ በቀረችው ቀዳዳ ነፋስና ጠብታ ሲገባ ልጁን በጀርባዋ ከለለችውና ቀና ብላ አየቻት። ድፈኚ አላለችኝም፣ ይህን እመሰክራለሁ። እኔው ነኝ ሣጥን አልጋ ላይ ደርቤ ወጥቼ፣ በእናቴ አሮጌ ቀሚስ ጠቅጥቄ የደፈንኳት። ተባረኪ፣ እደጊ አለችኝ። እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ።

ትንሽ ቆይቶ ራሴን ወቀረኝ፣ አቅለሸለሸኝም። ወጣሁና በሩን መልሼ ዘጋሁት፣ ነፋስ እንዳይገባ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። አየሩ ሲነካኝ ተሻለኝ፤ ከጥቁሩ ጭቃ በሬ እየሠራሁ መጫወት ጀመርኩ። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። ሐጃ ለአራሷ አጥሚት ይዘው መጥተው በሩን ሲከፍቱ የጮኹት ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አክስቴን ከነፍራሿ ጎትተው ግቢው ጭቃ ላይ አወጧት፤ ውኃ ሲያፈሱባት ነቃች። ልጁ አልነቃም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኛ ግን ሮጠን ሄደን ነው የተቀበልነው። ሐጃ ለአባቴ ከሰሉ ነው፣ ቤቱ ታፍኖ ነው አሉት። አባቴ ሣጥኑ ላይ ወጥቶ ቀሚሱን ከቀዳዳዋ ስቦ አወጣ፣ ቆሞ አየው፣ አጣጥፎ አስቀመጠው። ማን እንዳደረገው እስኪሞት ድረስ አልጠየቀም። በማግስቱ መሮና መዶሻ ይዞ የደፈናቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ከፈታቸው፣ እያለቀሰ። አክስቴ ግን ለቅሶ ለመጣው ሁሉ ነፋስ ነው አለች፤ ሦስተኛዬንም ነፋስ ወሰደብኝ። እኔ አጠገቧ ካለሁ ድምጿን ከፍ አድርጋ ነበር የምትለው።

ደርግ ሲወድቅ አገራችን ገባን። አክስቴ ሌላ ልጅ አልወለደችም። የልጇ ነገር በተነሣ ቁጥር ነፋስ ስትል እኔ አንገቴን እደፋለሁ። ስንት ጊዜ ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘግቻለሁ። እሷ የማታውቀውን እኔ አውቃለሁ እያልኩ ከኖርኩ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው።

ባለፈው ክረምት ልጄ ጎንደር እኔው ቤት ወለደች። ጠያቂው ሁሉ እየገባ መስኮት ይዘጋል፣ መጋረጃ ይስባል። አክስቴ ልትጠይቅ ስትመጣ ፈራሁ፤ የበሩን ሥር ሳይቀር በጨርቅ ልታስጠቀጥቅ ነው ብዬ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላ ልጄን ሳመች፣ ሕፃኑን አየች። ከዚያ በከዘራዋ እየተደገፈች ሄዳ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሴቶቹ ኧረ አራስ እኮ ናት አሉ። ሕፃን ነው፣ አየር ያግኝ ብላ ተቀመጠች።

ልሸኛት ስወጣ ደጃፉ ላይ አላስችል አለኝ።

"እትዬ፣ ነፋሱስ?" አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። "የፊተኞቹን እንጃ። የእሱን ግን ሐጃ የዚያኑ ቀን ነግረውኛል፣ ከሰሉንም ቀዳዳዋንም። ከሰሉን አስገቢ ያልኩሽ እኔ ነኝ" አለች። ቀጥላም "አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር" አለችኝ።

ያኔ ከነፋስ የከለልኳት መስሎኝ ኮርቼ ነበር። አሁን ልጅ ወልጄ፣ የልጅ ልጅ ዓይቼ፣ ያን ሁሉ ዓመት ነፋሱን የረገመችው ለእኔ ብላ እንደሆነ ገባኝ። ታክሲ እስክትሳፈር እጇን አልለቀቅኋትም። ቤት ስመለስ ሴቶቹ መስኮቱን ዘግተውት ጠበቁኝ፤ ሄጄ ከፈትኩት።