የቲሮ ወንበርና የእህቱ ሬዲዮ

ቲሮ በማውን ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ሠላሳ አንድ ዓመት ትንንሽ አውሮፕላኖችን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አብራሪ ሆኖ አያውቅም። ሞተር ቀይሮ በጨረሰ ቁጥር ግን ለሙከራ በረራ ከአብራሪው ጎን ይቀመጥ ነበር፤ ጠጋኙ ያልወጣበትን እኛም አንወጣበትም ይሉት ነበር አብራሪዎቹ። አውሮፕላኑ ከከተማው ማዶ ወዳለው ረግረግ ሲታጠፍ የተወለደባትን ደሴት ከላይ ያያታል፤ ሁለት ዘንባባ፣ አንድ ሾላ፣ ከሾላው ሥር የእናቱ መቃብር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ነው ቤተሰቡ ከዚያ የወጣው። ከዚያ ወዲህ የረግረጉ ደንገል የታንኳውን መንገድ ዘግቶታል።

ታላቅ እህቱ ቦናንግ ደሴቷን ካየች ሃምሳ ዓመት አለፋት። አውሮፕላን እንድትወጣ ስንት ጊዜ ለምኗታል። «ታንኳ ቢገለበጥ ዋኝቼ እወጣለሁ፤ ያንተ አውሮፕላን ቢገለበጥ በምን ልዋኝ?» ትለዋለች።

ዘንድሮ ዓይኗ መጨለም ጀመረ። ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውም ቢበዛ እስከ ዝናቡ ወራት እንደሚቆይ ነገራቸው። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ፣ መንገድ ላይ፣ «የእናታችንን ሾላ ሳላየው ልቀር ነው» አለች። ከዚያ ስለ ጎረቤት ፍየል ማውራት ጀመረች። ቲሮ ግን ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለም።

መሬት የማይለቅ አውሮፕላን ሊሠራላት ተነሳ። ከአሮጌ መኪና ወንበር ነቀለ፤ ከሌሎች ሁለት ደግሞ የዝናብ መጥረጊያ ሞተሮች። በደሴቷ ላይ የተደረገ፣ ከአውሮፕላን የተቀረጸ በረራ የሚያሳይ ትልቅ ቴሌቪዥን ከፊት ቆመ፤ በምስሉ አውሮፕላኑ ሲያጋድል ወንበሩም አብሮ እንዲያጋድል ነው። ሽቦዎቹን ሁሉ እንደ ሥራ ቤቱ ልማድ ባንድ ነዶ ሰብስቦ፣ በየስንዝሩ በሰም ክር አሰራቸው። የተበተነ ሽቦ የሰነፍ ሽቦ ነው እያለ ስንቱን ተለማማጅ ገሥጾበታል። የቀድሞ ባልደረቦቹ መጥተው እስራቱን አደነቁለት።

ወንበሩ ግን ባለበት ቆሞ እንኳ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። ቦናንግ የመጀመሪያ ቀን ተቀምጣበት ጥርሷ እየተንገጫገጨ ወረደች። «የእናታችንን መቃብር አሳይሻለሁ ብለህ ራሷ ጋ ልትልከኝ ነው?» አለችና ወደ ሬዲዮዋ ተመለሰች።

ሁለት ወር ታገለው። ሞተር ለወጠ፣ ሞተሮቹን የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ለወጠ፣ ብሎን አጠበቀ። ያችን ያማረች ነዶ ግን አልነካትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ዝናቡ እየቀረበ ነው፤ እህቱ ገንፎውን በእጇ እየዳሰሰች መብላት ጀምራለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮዋን ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ፣ ያን ጉድህን ባስነሳህ ቁጥር ሬዲዮዬ ይንጫጫል። አሁን የሟቾች ስም ሲነበብ አንዱን ዋጠብኝ። የማን ለቅሶ እንደቀረብኝ እንኳ አላውቅም።»

ቲሮ ወንበሩን ሳያጠፋ ሬዲዮውን ተቀበላትና ወደ ወንበሩ አስጠጋው። ሞተሮቹ ጋ አጉረመረመ፤ ሰሌዳው ጋ ጮኸ። ነዶዋ ላይ ሲደርስ ግን ጩኸቱ ጆሮ የሚበጥስ ሆነ።

«እዚያ ጋ ነው» አለች ቦናንግ፣ ዓይኗን ጨፍና። «እዚያ ጋ ቁም።»

ቲሮ አፈረ። ወደ ሞተሮቹ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ኃይሉን በሴኮንድ ሺህ ጊዜ እየቆረጠና እየቀጠለ ይሸከማል፤ ረብሻው ጎኑ ለተኛው ቀጭን ሽቦ ይተርፋል። ወንበሩ የት እንደደረሰ ለሰሌዳው የሚናገረው ደግሞ ቀጭኑ ነው። ወንበሩ ዝም ብሎ ሳለ ተነቃነቀ ብሎ ይዋሻል፤ ሰሌዳውም አምኖ ሊያቃናው ይሮጣል። አጎራብቶ ያሰራቸው ራሱ ቲሮ ነው። የሰም ክሩን በምላጭ ሲቆርጥ ዓመታቱን የቆረጠ ያህል አመመው። ቀጭኑን ሽቦ በብረት መረብ አለበሰው፣ ረብሻው እንዲወርድበት የመረቡን አንድ ጫፍ ብቻ መሬት አስያዘ፣ ከወፍራሙም ክንድ ያህል አራቀው። ወንበሩን ሲያስነሳው ሬዲዮው አንድም ስም ሳይውጥ ማንበቡን ቀጠለ፤ ወንበሩም ረጋ።

በማግስቱ ቦናንግ ንጹሕ ሻሽ አስራ መጣች። በረሩ። ደሴቷ በቴሌቪዥኑ ላይ ከታች ብቅ ስትል ቲሮ በጣቱ አሳያት። «ያቻትልሽ እትዬ፤ ሁለቱ ዘንባባዎች።»

አንገቷን አስግጋ ቆየች። «አረንጓዴ ነገር ይታየኛል» አለች በመጨረሻ። «እኔ እኮ ከላይ አይቻት አላውቅም፣ ቲሮ። ይሄ የማን አገር እንደሆነ እንጃ። አውርደኝ።»

«ማረፊያ የላትም።»

«ማረፊያ ማን ጠየቀህ? ውሃው ላይ አውርደኝ።»

ቲሮ ልቡ ተሰበረ። ያን ሁሉ የለፋው ለራሱ ናፍቆት ነበር፤ የእሷ መንገድ ሌላ ነው። ቴሌቪዥኑን አጠፋና ከወንበሩ ኋላ ቆሞ በእጅ የሚያጋድለውን መዘውር ያዘ። በቀስታ ወደ ግራ፣ በቀስታ ወደ ቀኝ፤ ታንኳ ቀዛፊ ረጅሙን ዘንግ ተክሎ እንደሚገፋው። ቦናንግ መደገፊያውን ጨብጣ ቆየችና ለቀቀችው። እጆቿ አየር ላይ ዘንግ ያዙ።

የታንኳውን መንገድ በየቦታው መጥራት ጀመረች። እናታቸው ለምግብ የውሃ አበባ ሥር የምትቆፍርበትን መታጠፊያ አለፉ። የአባታቸውን የዓሣ ወጥመድ አለፉ። አንድ ቦታ ላይ ጉማሬ ተኝቷል ብላ በሹክሹክታ ዝም አሰኘችው፤ እሱም ትንፋሹን ዋጠ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደሴቷን ከላይ ሲያይ፣ ይህን ሁሉ ረስቶት ነበር።

«ደረስን» አለች። «ቲሮ፣ ጎንበስ በል፤ የሾላው ቅርንጫፍ።»

ከራሱ በላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ነበር። ጎንበስ አለ።